ሆቴሉ እስኪከፈት ድረስ

ሰባ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ዘራፊ ተባልኩ። በሰፈር ሐሜት ቢሆን ኖሮ ጉዳዬም ባልሆነ ነበር። ግን ነሐስ ላይ ተቀርጾ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የጠረጴዛ ልብስ ስተኩስ በኖርኩበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ካነበብኩት አራት ቀን ሆነኝ። እስካሁን ምግብ ሲቀርብልኝ ንዴቱ ቀድሞ ያጠግበኛል።

ሆቴሉ ጀንበር ይባላል። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጥድ በከበበው ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። የዛሬ ልጆች የሚያውቁት በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በኋላም የግንባታ ሸራ ለብሶ ነው። እኔ የማውቀው ሌላውን ነው። ሙሴ ሀጎፕ የሚባሉ አርመን ነጋዴ በአርባዎቹ መጨረሻ ያሠሩት ሲሆን፣ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚወጣ መንገደኛ የመጨረሻውን ለስላሳ አልጋ የሚያገኘው እዚያ ነው ይባል ነበር። አመሻሹ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ በምዕራብ መስኮቶች ባለ ቀለም መስታወት ታልፍና አዳራሹ ቀይና ቢጫ ይሆናል። ያን ሰዓት ጠብቀው ፎቶ ለመነሳት የሚመጡ ሙሽሮች ነበሩ። የዝግባው ደረጃ በየሳምንቱ ሰም ይቀባል፤ የወለል ሠራተኞቹ እግራቸው ላይ የብርድ ልብስ ቁራጭ አስረው ከላይ እስከ ታች እየረገጡ ይወለውሉታል። ከደረጃው ሥር ደግሞ ሰዓቱ አለ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ሲደውል እስከ አጥሩ በር ድረስ ይሰማል።

በደርግ ጊዜ ሆቴሉ የመንግሥት ሆነ፤ እኛ ሠራተኞቹ ግን ያው ነበርን። በግንቦት 1983፣ ከተማው ባለቤት ባጣበት ሳምንት፣ ሥራ አስኪያጁ ጠፋ፣ ዘበኞቹም መሣሪያቸውን ጥለው ወደየአገራቸው ሄዱ። ከመጋዘን ዱቄትና ጎማ ዘርፎ እየተሸከመ የሚሮጠውን ሰው ከሰገነቱ ላይ ቆመን እናይ ነበር። የአስተናጋጆች ኃላፊ የነበሩት ጋሽ ጀላል ሁላችንንም ኩሽና ውስጥ ሰበሰቡን።

«ነገ ተራው የእኛ ነው» አሉ። «እያንዳንዳችሁ የምትችሉትን ቤታችሁ ውሰዱ። አደራ ነው። ሆቴሉ እንደ ሆቴል በሩን የከፈተ ቀን እንመልሳለን። እስከዚያ ማንም አይገለገልበትም።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየን፣ ተሸክመን ወጣን። የምንደብቀው ነገር ስላልነበረን ለመደበቅም አላሰብንም። ጋሽ ጀላል ሰዓቱን የእጅ ጋሪ ላይ አስተኝተው፣ እኔ በሰጠኋቸው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሸፍነው ገፉት። እኔ የቀሩትን አንድ መቶ አሥራ ሁለት የጠረጴዛ ልብሶች በሁለት ሻንጣ ወሰድኩ። በማግስቱ ዘራፊው ገባና የተረፈውን ሁሉ ነቀለ፤ ባኞው እንኳ አልቀረም።

ነገሩ ሲረጋጋ ልንመልስ ሄደን ነበር። መጀመሪያ ወታደሮች ሰፍረውበት አገኘን። በኋላ የአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ሆነና ኃላፊው «የንብረት ዝርዝር የለንም፤ የማንን ዕቃ ነው የምንረከበው?» ብሎ መለሰን። ከዚያ ደግሞ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት በሩ ታሸገ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ቆየ።

አደራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው? ዕቃውን ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ አለመንካት ነው። ልጄ ማራኪ ስታገባ ድንኳኑ ውስጥ ያነጠፍነው ከዕድር የመጣ የተላጠ ላስቲክ ነበር። መኝታ ቤቴ ውስጥ ግን «ጀ» የሚል ፊደል በሐር ክር የተጠለፈባቸው አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶች ተቀምጠዋል! ማራኪ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። በዓመት ሁለቴ አውጥቼ አጥባቸው፣ ጥላ ላይ አደርቃቸው፣ ተኩሼ እመልሳቸው ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «ሆቴሉ ተዘግቶም ከሥራ አልወጣሽም እኮ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የጋሽ ጀላልማ ይብሳል። ቤታችን በአንድ አጥር ይዋሰናል። ያን የሚያህል ሰዓት ሳሎናቸው ቆሞ ልጃቸው ፋሪዳ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል «እትዬ ወለቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ እኔን ትጠይቃለች። ሰዓቱ እኔ በሰጠኋቸው ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። እንግዳ ገልጦ ሊያይ ሲል «ሰዓት ከፈለግህ ሬዲዮ ክፈት፤ ይሄ የሰው ነው» ይሉታል። የምትደውለውን መዶሻም በጥጥ ጠቅልለው አስረዋታል፤ ድምፁም የሆቴሉ ነው ባይ ናቸው። ቆሞ እንዳይዝግ ብቻ በየሳምንቱ ዓርብ ለጁምዓ ከመውጣታቸው በፊት ገልጠው ይሞሉታል። ያን ረጅም ሰዓት መልሶ መሸፈን ለአንድ ሰው አይመችም፤ ስለዚህ የጨርቁን አንድ ጫፍ ልጅ ይይዛል። መጀመሪያ ፋሪዳ ነበረች፤ በኋላ የፋሪዳ ልጅ ዊዳድ። ዊዳድ በርጩማ ላይ ወጥታ «ያዝኩ አባባ!» ስትል በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። እሳቸውም «ቢስሚላሂ፣ ሳቢ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ምክንያት ታሰሩ። ከሰፈሩ አንዱ የመንግሥት ንብረት ደብቀዋል ብሎ ጠቆመባቸው። አሥራ ስምንት ቀን ጣቢያ ተቀመጡ። ሌላ ማን ጋ ዕቃ እንዳለ ሲጠየቁ «የወሰድኩት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ዋሹ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሲዋሹ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሁለቱ ሻንጣዎች አልጋዬ ሥር ነበሩ። ከሳሽ ሲጠፋ እሳቸውንም ሰዓቱንም ለቀቋቸው። ላመሰግን ብሄድ «ተይ እስቲ፤ ይልቅ ሻንጣው ውስጥ ብል እንዳይገባ ናፍታሊን አድርጊበት» አሉኝ።

ጋሽ ጀላል በ2012 አረፉ። ለፋሪዳ የተናዘዙት ስለ ቤት ወይም ስለ ንብረት አልነበረም። «ሆቴሉ እስኪከፈት ድረስ አትግለጡት» ነው ያሉት።

በ2015 ጀንበርን የገዛው ኩባንያ እድሳቱን ሲጀምር ደስታዬን አልችለውም ነበር። እኔው ራሴ ቢሮ ሄጄ ነገርኳቸው። ፍቅረማርያም የሚባል የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ጥርሱ የማይከደን ትሁት ጎልማሳ፣ አይሱዙ ይዞ ሰፈራችን መጣ። ከቀድሞ ሠራተኞች በሕይወት ያለን ስድስት ሰዎች ፋሪዳ ቤት ተሰብስበን ያለንን አቀረብን። ሹካና ማንኪያው፣ የክፍሎቹ የነሐስ ቁጥር፣ የእኔ ሻንጣዎች፣ ሰዓቱ። ፍቅረማርያም የፋሪዳን ሳምቡሳ በላ፣ ሻይ ጠጣ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ «የርክክብ ቅጽ እንፈራረም?» አለ። ፋሪዳ እስክሪብቶውን ተቀብላ ነበር።

ከእጇ የነጠቅኳት እኔ ነኝ። እኔ ወለተጻድቅ! «አደራ ነው የመለስነው!» አልኩ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት ጠብቀን ዛሬ በፊርማ ልንዋረድ ነው? እንደ ነጋዴ?» ሽማግሌዎቹ ሁሉ አበጀሽ አሉኝ። ፍቅረማርያም ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቦርሳው መለሰና «እንደ እናንተ ያለ ሰው ዛሬ አይገኝም» አለ። እኔም አመንኩት። እስክሪብቶ የነጠቀች እጄን አሁን ሳያት ልቆርጣት ያምረኛል።

ዊዳድ ቱሪዝም ተምራ ነበርና ሆቴሉ ሲያልቅ በአስጎብኚነት ተቀጠረች። ፍቅረማርያምም ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ፋሪዳ በደስታ ሰፈሩን በሳምቡሳ አጥለቀለቀችው። እኔ ግን ዊዳድን መቼ ነው የምትወስጂኝ ባልኳት ቁጥር «ትንሽ ይቆዩ እማማ ወለቴ፣ ገና የሚስተካከል ነገር አለ» ትለኛለች። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን አጣፋሁና ሳልነግራት ብቻዬን ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፤ አሳምረውታል። ደረጃው ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ባለ ቀለም መስታወቱን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ያንኑ ቀይና ያንኑ ቢጫ አምጥተዋል። የሙሴ ሀጎፕ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በየጠረጴዛው ላይ የእኔ የጠረጴዛ ልብሶች ተነጥፈዋል፤ አንዱን ዳሰስኩት፣ አተኳኮሱ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚያ ሰዓቱ አራት ደወለ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎኛል። ጥጡን ፈትተውለታል፤ ሆቴሉ ተከፍቷላ! ጋሽ ጀላል ይህን ሳይሰሙ ሄዱ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ።

ከሰዓቱ አጠገብ ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች ቆመዋል። ዩኒፎርም የለበሰችው ዊዳድ ናት። ስታየኝ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ምን ነካት ብዬ ጠጋ ስል ሰዓቱ ላይ የተለጠፈውን ነሐስ አየሁት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጭረት ያልነካውን እንጨት በአራት ቦታ በስተው በብሎን አስረውበታል። መነጽሬን አወጣሁና አነበብኩ።

«ታሪካዊ ሰዓት። በ1983 ዓ.ም. ሆቴሉ በራሱ ሠራተኞች በተዘረፈ ጊዜ የተወሰደ። በድርጅታችን ያላሰለሰ ጥረት ከግለሰቦች እጅ ተመልሶ ለሕዝብ ዕይታ በቅቷል።»

ሁለቴ አነበብኩት። ዊዳድ ወለሉን እያየች ያንኑ በቃሏ ትለዋለች፤ በየቀኑ የምትለው መሆኑ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ባለ ኮፍያ አንድ ሰውዬ «ወይ ሌቦች! የተያዘ ሰው ነበር?» አለ።

«አንድ ሰው ታስሮ ነበር» አለች ዊዳድ።

ደሜ ፈላ። «ስሙን ንገሪያቸዋ!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነው የታሰረው? ስም የለውም? ከዚሁ ሰዓት አጠገብ አልቆምሽም ነበር በርጩማ ላይ? ጫፉን አልያዝሽም?»

«እማማ ወለቴ፣ በናትዎ… ለአለቆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ነግረሽ ዝም አልሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

በጥፊ ልላት ቃጣኝ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ልመታ ቃጣኝ፤ ወረቀቱ እንዳይፈረም ያደረገችው እሷ አይደለችማ። ጩኸቱን ሰምቶ ፍቅረማርያም ከቢሮው ወጣ። ያው ጥርስ፣ ያው ትሕትና።

«እማማ! እንኳን ደህና መጡ! ምነው ሳይነግሩን?»

«ይሄን ማን ጻፈው?»

ነሐሱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢሮ ገብተን ሻይ እየጠጣን…»

«ሻይማ ፋሪዳ ቤት ጠጥተሃል! አንተ ራስህ አልነበርክም እንዴ የወሰድከው? የትኛው ጥረት ነው? ሳምቡሳ መብላትህ ነው ያላሰለሰ ጥረት?»

ከጎብኚዎቹ አንዳንዱ ሳቀ። ፍቅረማርያም አልሳቀም። «እማማ፣ እኔ እውነቱን አውቃለሁ። ግን ጽሑፉን ያዘጋጀው ባለሙያ ከሰነድ ነው የሠራው። የፖሊስ መዝገብ አግኝቷል፤ ጀላል የተባሉ ሠራተኛ የወሰድኩት እኔ ነኝ ብለው የፈረሙበት። መመለሱን የሚያሳይ ሰነድ ግን የለም። እርስዎ ያስታውሳሉ፤ ቅጹን አቅርቤ ነበር።»

እኔን ለማዳን ያስቀመጡት ፊርማ ሌባ አደረጋቸው፤ እሳቸውን የሚያጸዳውን ፊርማ ደግሞ እኔው ከለከልኩ። ሁለቱም በእኔ ምክንያት ነው።

«ደብዳቤ ይጻፉና ኩባንያው ያየዋል» አለ ፍቅረማርያም። «ደግሞ እንግዳ እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። ስማቸውም እኮ አልተጠቀሰም።»

«ስማቸው አለመጠቀሱ ነው የሚያቃጥለኝ!» አልኩት። «ስማቸውን ብትጽፈው የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ይስቅብህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀድሜ ተናግሬ ልገላገለው። ሰኞ ጠዋት ዊዳድን በስልክ አሰናበቷት። ነሐሱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ደብዳቤ ጽፈናል፤ ከስድስታችን የቀረነው አራት ነንና አራታችንም ፈርመናል፤ አሁን ፊርማ አልጠላም። ፋሪዳ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ግን ያን ዕለት ይሄን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ ጀላል ያሉት። ሆቴሉ እንደ ሆቴል በሩን እስኪከፍት ድረስ። ሆቴል ማለት ለእሳቸው ሰው የማይዋረድበት ቤት ነበር፤ አስተናጋጆቹን ሲያሠለጥኑ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

አጠገቤ ወዳለው ጠረጴዛ ሄድኩ። የአበባ ማስቀመጫውን አንስቼ ወንበር ላይ አኖርኩ። የጠረጴዛ ልብሱን ሳብኩት። ጥልፉን በጣቴ ዳበስኩ፤ ከእነዚያ ከአንድ መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳጥበው ኖሬ አንድ ቀን ያልተገለገልኩበትን ጨርቅ ዘርግቼ ወደ ሰዓቱ ተጠጋሁ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ፍቅረማርያም።

ጨርቁን ወደ ላይ ወረወርኩት፤ አልደረሰም። ድጋሚ ወረወርኩት፤ በአንድ በኩል ተንሸራቶ ወደቀ። ቁመቴም ዕድሜዬም አልበቃ አለኝ። ጎብኚዎቹ ያዩኛል። አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸኛለች። እንባዬ መጣ፤ የሐዘን አይደለም፣ የቁጣ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ሳነሳ ሌላው ጫፍ ከበደኝ።

ዊዳድ ይዛዋለች። ወንበር ስባ ወጣችበት። በርጩማ ላይ እንደምትወጣው፣ በሁለት እጇ፣ ጫፉን ከፍ አድርጋ።

«ያዝኩ» አለች።

«ዊዳድ!» አለ ፍቅረማርያም። ጥርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከደነ። «ሥራሽን የምትፈልጊ ከሆነ ልቀቂው።»

ዊዳድ አለቀቀችውም። «ቢስሚላሂ፣ ሳቢ» አለችኝ በአያቷ ቃል፤ ሳብኩ። ጨርቁ በሰዓቱ አናት ላይ አልፎ በነሐሱ ላይ ወረደ። ጽሑፉ ተሸፈነ። ከወንበሩ ሳትወርድ ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች።

«ቅድም የነገርኳችሁ ውሸት ነው» አለች። «ይሄን ሰዓት ማንም አልዘረፈውም። አያቴ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ተሸፍኖ ቆሟል። የታሰረው ሰው አያቴ ነው። ጀላል ይባላል።»

ባለ ኮፍያው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ፍቅረማርያም ዘበኞቹን ፈለገ፤ ሁለቱ በሩ ላይ ቆመዋል፣ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። «እና እስከ መቼ ነው እንዲህ ተሸፍኖ የሚቆየው?» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ሆቴሉ እኮ ተከፍቷል!»

ዊዳድ ከወንበሩ ወረደች። ስሟ የተጻፈበትን ባጅ ከደረቷ ፈትታ የአበባ ማስቀመጫው አጠገብ አኖረችው።

«አልተከፈተም» አለችው።

ክንዴን ያዘችኝና ወጣን። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የወጣሁት በኩሽናው በር ነበር፤ ያን ዕለት ግን በዋናው በር ወጣን።